ራስጌ የምትባል አገርና የእናቴ ጥቁር ሻሽ

የሌሉ አገሮችን እየፈጠርኩ ተረት መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ አንድ የማይቀርልኝ ጥያቄ አለ። «እነዚህን አገሮች ከየት ነው የምታመጫቸው?» ይሉኛል። ከተራራ፣ ከባሕር፣ ከዘንዶ እንድጀምርላቸው ይጠብቃሉ። እኔ የምጀምረው ከራስ ነው፣ ከአንገት በላይ። አንድ አገር ውስጥ ሴቶቹ ራሳቸው ላይ ምን እንደሚያስሩ፣ ቋጠሮው ከፊት ይሁን ከማጅራት፣ ማን ሊፈታው እንደሚችል ካወቅኩ ወንዙም ሕጉም መንግሥቱም ተከትሎ ይመጣል። ይህን ስል የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ። እኔ ያደግኩበት ሰፈር ያደገ ሰው አይስቅም።

የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ዘመኑ ደርግ። ቤታችን ኮልፌ፣ ከአጠና ተራ ዝቅ ብሎ ነበር፤ የተላጠ ባሕር ዛፍ ሽታ ሳይጠራ ግቢያችን ይገባል። እናቴ ሙሽራ አልባሽ ነበረች። ሌላውንም ትችላለች፣ ስሟ የሚጠራው ግን በራስ ላይ ሥራዋ ነው። ከአየር ጤናም ከሳንሱሲም ሰው እየላኩ ያስጠሯት ነበር። መርፌ ቁልፎቿን በጥርሷ ነክሳ፣ እያንጎራጎረች፣ «ቀና በይ የኔ እመቤት» ትላለች ሙሽራዋን። ሁለት ዙር፣ አንድ ቋጠሮ። ያቺ ሌሊቱን ስታለቅስ ያደረች ልጅ ድንገት ቁመት ትጨምራለች።

አባቴ በድንገተኛ ሕመም ሲሞት ያ ሁሉ ቆመ። እናቴ ከል ለበሰች፤ ቀሚሱም ነጠላውም ሻሹም ጥቁር። ከል የለበሰች ሴት ደግሞ ሙሽራ አትነካም፤ ገዱ አይቀናም ይባላል። ስለዚህ ጥልፍ እየጠለፈች ታሳድገኝ ጀመር፣ የሻሾቿ ሳጥንም አልጋ ሥር ገባ። መቼም ኀዘን ነው፣ ዓመት ነው ብለን ጠበቅን። ሙት ዓመቱ ተዘከረ፣ ንፍሮውም ተበላ፤ ሻሹ ግን ያው ጥቁር። ሁለት ዓመት ሆነ። ሦስት ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ ወግ ከልን ለባሹ ራሱ አያወልቀውም። የሟች ወገን አዲስ ልብስ ይዞ ይመጣል፣ «በቃሽ» ይላል፣ ጥቁሩን ፈትቶ አዲሱን ያለብሳል። ማንም ሳይመጣ በገዛ እጇ ያወለቀች ሴት «ቸኮለች» ትባላለች፣ ያቺን ቃል ደግሞ ዕድሜ ልክ አታራግፋትም። የአባቴ ወገን የምትባለው አንዲት ታላቅ እህቱ ብቻ ነበረች፣ እሷም ጎጃም፣ አባይ ማዶ። ያን ጊዜ ከአገር አገር ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። አክስቴ ወረቀቱን ብትጠይቅ «ለምን ጉዳይ?» ይሏታል። «ሻሽ ልፈታ» ብላ ብትናገር ማን ይፈርምላታል?

ጎረቤቶቻችንም ደጎች ነበሩ፤ ክፋቱ ደግነታቸው ነው። «እህቱ ሳትመጣ እኛ ምን አግብቶን እንቀድማለን?» እያሉ ሦስት ዓመት ሙሉ በወጉ ተከባብረው ተቀመጡ። እናቴ የሌለችበት ቦታ ሁሉ ስለ ጥቁሩ ሻሽ ይወራል፣ እናቴ ስትደርስ ስለ በርበሬ ይወራል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ።

ያንን ሻሽ እጠላው ነበር፤ አላለባብስም። እናቴ ማንጎራጎር ተወች። ሳቅ እንኳ ሲያመልጣት በነጠላዋ ጫፍ አፏን ትሸፍናለች፤ በጥቁር ላይ ሳቅ ያስወራላ። አንድ ቀን አጥባ ገመድ ላይ ስታሰጣው ነፋስ ወስዶ የጎረቤት አጥር ላይ ጣለው። አንስቼ ልደብቀው ሦስት እርምጃ ሄድኩ፤ ከዚያ እንደ ሌባ ደነገጥኩና መልሼ ሰጠኋት። እሷም «ተባረኪ» አለችኝ። እንዴት እንደተናደድኩ!

ታዲያ ምን አደረግኩ? አገር ፈጠርኩ። ትርፍ ደብተር ነበረኝ፤ የፊት ገጹ ላይ «ራስጌ» ብዬ ጻፍኩ። አልጋ ራስጌና ግርጌ አለው፤ የእኔዋ አገር ራስ የሚያርፍበት በኩል ናት ማለቴ ነው።

ለራስጌ ያጠናሁት ከሁለት ትምህርት ቤት ነው። አንደኛው ሰፈሩ። እናቴን ራስ ምታት ሲይዛት ግንባሯን በጨርቅ ጥፍር አድርጋ ታስራለች፣ ያን ጊዜ ቤት ውስጥ ትንፍሽ የሚል የለም። ስለዚህ በራስጌ ግንባሯን ጥፍር አድርጋ ያሰረች ሴት ዳኛ ናት፤ እሷ ፊት ማንም አይጮኽም። ቋጠሮዋን ከፊት ያደረገች ነገር መደበቅ አትችልም፤ ከማጅራቷ ያደረገች ምሥጢር ጠባቂ ናት። የቀበሌያችን ሴቶች በሰልፍ ቀን ካኪ ኮፍያ ያደርጉ ነበር፤ እነሱን ድንበር ላይ አቆምኳቸው፤ የይለፍ ወረቀት ካልያዘ ወፍም አያሳልፉም።

ሁለተኛው ትምህርት ቤቴ የሰፈሩ አዛውንት፣ ሁላችንም «እማማ» የምንላቸው አሮጊት ናቸው። እማማ በልጅነታቸው አንድ ትልቅ የመኳንንት ቤት አገልግለዋል። ያን ዘመን ለመስማት እግራቸው ሥር ስቀመጥ መጀመሪያ «በሩን ዝጊው፤ ፊውዳል ልናነሳ ነው» ይሉኛል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጀምራሉ። ወይዛዝርቱ ፀጉራቸውን ለጋ ቅቤ ይቀቡና በነጭ ሻሽ እስከ ጆሯቸው ይጠቀለላሉ። በበቅሎ መንገድ ሲወጡ ከሻሹ በላይ ሰፊ ባርኔጣ ይደፋሉ፣ ከዐይን በታች በነጠላ ይሸፈናሉ። ለሰርግ ደግሞ ራስ ወርቅ የሚባል አለ፤ ግንባር ላይ እየተንጠለጠለ የሚንሿሿ።

«እርስዎስ ምን ያደርጉ ነበር፣ እማማ?»

«ባርኔጣ ተሸካሚ ነበርኩ። እመቤቲቱ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ እኔ ደጅ ቆሜ ባርኔጣ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን ደፋሁት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዓለሙን ሁሉ ከላይ አየሁት። ሲወጡ በጥፊ አወረዱኝ እንጂ።»

በዚያው ቀን የራስጌ ንግሥት ተወለደች፤ ነጭ ሻሽ፣ ከላዩ ባርኔጣ፣ ከግንባሯ ራስ ወርቅ። በራስጌ የሚዘንበውም ዝናብ ቅቤ ሆነ።

አንድ ገጽ ብቻ አልሞላ አለኝ። ከራስጌ በስተ ምዕራብ ጥልቅ ሸለቆ አለ፤ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ ሁሉ እዚያ ይኖራሉ። ዘመድ መጥቶ አፋፍ ላይ ቆሞ፣ በስማቸው ጠርቶ «ጠርቼሻለሁ፣ ውጪ» ካላላቸው መውጣት አይችሉም። እዚህ ድረስ ጻፍኩ። ዘመድ የሌላት ወይም ዘመዷ ከወንዝ ማዶ የቀረባት እንዴት ትውጣ? እርሳሴን በላሁት እንጂ መልስ አላገኘሁም።

በዚያ ክረምት የቀበሌያችን የባህል ኃላፊ ለመስከረሙ በዓል የልጆች ቲያትር ፈለገ። ደግ ሰው ነበር፤ ድምጽ ማጉያ የሚወድ። ደብተሬን ሰጠሁት። እያነበበ ግንባሩ ተቋጠረ።

«ንግሥት?» አለኝ። «አንቺ ልጅ፣ በየትኛው አገር ነው ንግሥት ያለችው?»

«በራስጌ ነው፣ ጓድ።»

«አብዮት አልደረሳቸውም?»

«ሩቅ ናቸው፣ ጓድ።»

እርሳስ አነሳና «ንግሥት» ያለውን ሁሉ ሰርዞ «ሊቀመንበር» አደረገው። ራስ ወርቁ ወጣ፣ ባርኔጣው ቀረ፤ ሊቀመንበር ባርኔጣ ቢያደርግ ችግር የለውም አለ። ወፍ የማያሳልፉት ድንበር ጠባቂዎች ላይ ሲደርስ አሳለና ገጹን ገለጠ። ሸለቆው ጋ ሲደርስ ግን ፊቱ በራ። «ይህ የጭቁን ሴቶች ሸለቆ ነው! ሊቀመንበሯ ጠርታ ታወጣቸዋለች። በጣም ጥሩ።» ሸለቆውስ ጭቆና ሳይሆን እናቴ ናት ልለው አሰብኩ፤ ምን ቆርጦኝ።

ራስ ሁሉ የሚታሰርበት ቲያትር ያለ እናቴ አይሆንም። ለመንኳት። «ከል ለብሼ?» አለች። «ሙሽራ አይደለንም፣ እማዬ፤ ጨዋታ ነው» አልኳት፤ ሦስት ቀን ነዘነዝኳት። በአራተኛው ቀን ከልምምድ ስመለስ የሻሾቹ ሳጥን ከአልጋ ሥር ወጥቶ፣ ተከፍቶ፣ እሷ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሻሽ በሻሽ እያጠፈች አገኘኋት። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም፤ ግን ታንጎራጉር ነበር። ስትሰማኝ እንዳታቋርጥ ብዬ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

በዓሉ ደረሰ። የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ከፊት ወንበር ላይ እማማ ከነምርኩዛቸው። ከመጋረጃው ጀርባ እናቴ በጥርሷ መርፌ ቁልፍ፣ በክንዷ ሻሾች ደርድራ የስምንት ልጆች ራስ ታስራለች። እኔ ሊቀመንበር ነኝ፤ ነጭ ሻሽና ከአንድ ጡረተኛ የተዋስነው ባርኔጣ። የሸለቆዋን ሴት የምትሠራው የአጥር ጎረቤቴ ናት። በልምምዱ ሁሉ ቡናማ ጋቢ ነበር የምትከናነበው። የዚያን ቀን ግን የባህል ኃላፊው ጥቁር ጨርቅ ይዞ መጣ። «ጥቁር ካልሆነ ጭቆናው አይታይም» አለ።

እዚህ ላይ ተሳሳተ። የልጅቱ እናት እንዴት እንደሰማች አላውቅም፣ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። «ልጄ አባቷ በሕይወት እያለ ጥቁር? ምን የሚሉት ሟርት ነው?» ብላ እጇን ይዛ ወሰደቻት። ኃላፊው ጨርቁን ይዞ ወደ ሌላዋ ልጅ ዞረ፤ እሷ ማልቀስ ጀመረች። ሦስተኛዋም እናቷን ጠራች። በአገራችን በጨዋታም ቢሆን ሰው ሳይሞት ጥቁር አይታሰርም፤ ጓዱ ከጭቆና ሌላ ነገር አልታየውም ነበር። በዚህ መሃል ረዳቱ መጋረጃውን ከፈተው።

ቲያትሩ ተጀመረ፣ እስከ ሸለቆው ድረስም ሸጋ ሄደ። ከዚያ አፋፍ ናት የተባለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ወጣሁ፣ ባርኔጣዬን አስተካከልኩ፣ በልምምዱ እንደለመድኩት የጎረቤቴን ስም ጠርቼ «ጠርቼሻለሁ፣ ውጪ» አልኩ። ማንም አልወጣም። ደገምኩት። ከኋላ አንዱ «ሄዳለች፣ እናቷ ወስዳታለች» አለ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ዞር ስል እናቴ መጋረጃው ጠርዝ ላይ ቆማለች። ለእኔ ደንግጣ፣ መርፌ ቁልፉን እንደነከሰች፣ ከነጥቁር ሻሿ። ምን እንደነካኝ አላውቅም ብዬ ብጽፍ ጨዋ እመስል ነበር፤ ግን አውቃለሁ። ሦስት ዓመት የተጠራቀመ ንዴት ነው። አፌን ሞልቼ በስሟ ጠራኋት። እማዬ አላልኩም፣ እትዬም አላልኩም፤ ደረቅ ስሟን። «ጠርቼሻለሁ፣ ውጪ» አልኩ።

ሳቁ ቀጥ አለ። እናቱን በስሟ የሚጠራ ልጅ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ታይቶ አያውቅም።

እናቴም ወጣች። የወጣችው ግን ልትቆነጥጠኝ ነው። «ማንን ነው በስሟ የምትጠሪው፣ አንቺ ባለጌ?» እያለች በጥርሷ በነከሰቻቸው መርፌ ቁልፎች መሃል፣ ሰዉንም መድረኩንም ረስታ መጣች። ጆሮዬን ለመያዝ እጇን ስትዘረጋ እኔ ወንበሩ ላይ ነኝ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእናቴ እበልጣለሁ። ቋጠሮው ከማጅራቷ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሦስት ዓመት ከኋላዋ እየሄድኩ አይቼዋለሁ። እጄን ሰደድኩና ሳብኩት። እንዲያ በቀላሉ የሚፈታ አልመሰለኝም ነበር።

ከሻሹ ሥር ሽበት ነበር። ከግንባሯ በላይ አንድ መዳፍ የሚሞላ፤ እኔ ሳላውቅ የመጣ። እናቴ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። ሻሹ እጄ ላይ ቀረ፤ ያን ጊዜ ገና ፈራሁ። ያቺ «ቸኮለች» የምትባል ቃል አዳራሹ ውስጥ የማንን አፍ እንደምትመርጥ እየጠበቅኩ ቆምኩ።

የምርኩዝ ድምፅ ተሰማ። እማማ ተነሥተዋል።

«ከልን የሚያወልቀው የሟች ወገን ነው ስትሉ ኖራችኋል» አሉ። «ይህች ልጅ የማን ልጅ ናት? ከልጁ የቀረበ ወገን ለሟች ማን አለው? ወገኑ እዚሁ ደብተር ይዛ እየተመላለሰች፣ እኛ ሦስት ዓመት አባይ ማዶ እናያለን።» ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «ወልቋል። የወለቀ ከል ተመልሶ አይታሰርም።»

ከዚያ እልልታው ጣሪያውን ነካው። እነዚያ ሦስት ዓመት ዝም ያሉ ሴቶች የጠበቁት ይህን ኖሯል። ጥቁር አላስነካም ያለችው የጎረቤቴ እናት ከሁሉ በላይ ትጮኽ ነበር። የባህል ኃላፊው ጭቆናው በመወገዱ አጨበጨበ። እናቴ ደግሞ እያለቀሰችም እጇ ሥራውን አልረሳም። ክንዷ ላይ ከቀሩት ሻሾች ቢጫውን ሳበች፣ ሁለት ዙር፣ አንድ ቋጠሮ። ሰው ፊት ራሷን ገልጣ የቆየችው አምስት ትንፋሽ ቢሆን ነው።

ቤት ስንገባ የዘገየውን ቁንጥጫ ተቀበልኩ። «ስሜን ጠራሽው» አለችኝ። «ሕጉ ነው» አልኳት። ሁለተኛ ቆነጠጠችኝ፤ ከዚያ አፏን ሳትሸፍን ሳቀች።

ሙሽሮቹም ተመለሱ፤ ለጥር ሰርግ ሰው ልከው ያስጠሯት ጀመር። አንድ ነገር ግን እናቴን እንቅልፍ ይነሳታል። «እህቱ ስትሰማ ምን ትለኛለች? ወንድሜን ረሳችው ብትለኝስ?» ደብዳቤ ላስጽፍ ትልና ትተወዋለች። እኔን ደግሞ ፍርሃት ያዘኝ፤ የፈታሁት እኔ ነኝና።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። አክስቴ ናት። የይለፍ ወረቀቱን በመጨረሻ ሰጥተዋት፣ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዛ፣ በእጇ ጥቅል ይዛ። ጥቅሉ ምን እንደሆነ ለማወቅ መፍታት አያስፈልግም፤ ነጭ ቀሚስና ነጭ ሻሽ ነው። እናቴ በቢጫ ሻሿ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ከዚያ እግሯ ላይ ወደቀች። «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሳይመጡ ወለቀ።»

አክስቴ ቢጫውን ሻሽ ትኩር ብላ አየችው። «ማን አወለቀልሽ?» አለች።

እናቴ ወደ እኔ አመለከተች። እኔ ግድግዳ ብሆን እመርጥ ነበር።

«ልጁ» አለች አክስቴ። «እሰይ።» በሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ጥቅሉን ጭኗ ላይ አደረገች። «እኔ እኮ በየዓመቱ ወረቀት ለመንኩ። አልሰጥ ሲሉኝ፣ ጠልታኛለች፣ ወገኑ ረሳኝ ብላለች እያልኩ…»

ያኔ ነው ልብ ያልነው። አክስቴ ከራሷ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳለች። ያው የሦስት ዓመቱ ከል፤ ሻሹ ከመታጠብ ብዛት አፈር መስሏል።

«እትዬ፣ እርስዎስ?» አለች እናቴ።

«ሚስቱ ሳታወልቅ እህት ታወልቃለች?» አለች አክስቴ። «አንቺ እስክታወልቂ እየጠበቅኩ ነበር።»

እናቴ ከወደቀችበት ተነሣች። ዐይኗን ጠረገች። አባቴን ካገባች ጀምሮ እትዬ እንጂ ሌላ ብላት አታውቅም፤ የዚያን ቀን ግን ፊቷ ቆማ፣ ቀስ ብላ፣ በደረቅ ስሟ ጠራቻት። «ጠርቼሻለሁ፣ ውጪ» አለቻት።

አክስቴ ራስጌን አታውቃትም፤ ሸለቆውንም አታውቀውም። ግን ነገሩ ገብቷታል መሰለኝ፣ ራሷን ዝቅ አደረገችላት። እናቴ አፈር የመሰለውን ሻሽ ፈታች፣ ለእኔ አቀበለችኝ፣ ጥቅሉን ፈታች፣ መርፌ ቁልፏን በጥርሷ ነከሰች። «ቀና በይ የኔ እመቤት» አለቻት። ነጩ ሻሽ ከጎጃም የመጣው ለእናቴ ነበር፤ የታሰረው ግን በአክስቴ ራስ ላይ ነው።